ፓምፑ ሲያስቸግር መጀመሪያ አምፔሩን እዩ

ጅማ ዙሪያ የቡና ማጠቢያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። የጉድጓድ ፓምፕ የሚያኮርፈው እሸት ቡናው ተጭኖ ሲደርስ ነው። ጥበቃው ሮጦ ሪሴት ይጫናል፣ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይጫናል። ሞተር የሚያቃጥለው ይሄ ነው። ምክንያቱም አምፔር ሲወርድና ሲጨምር በሽታው ተቃራኒ ነው፤ ሪሴት ግን ሁለቱንም አያክምም።

ስለዚህ ፓምፑ ጤነኛ እያለ፣ ውሃ እየገፋ ሳለ የሦስቱንም ፌዝ አምፔር፣ ቮልቴጁንና በጉድጓዱ ውስጥ ውሃው የሚቆምበትን ጥልቀት ለክታችሁ ፓናሉ በር ላይ ለጥፉ። ክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ አምፔር የሚለካው መሣሪያ) ከሞተር ማስጠቅለያ ይረክሳል።

ውሃው አየር እየተፋ ይቆራረጣል፣ አምፔሩ ወርዷል

ፓምፑ ጉድጓዱ ከሚያመነጨው በላይ እየሳበ ነው፤ በጋው ሲገፋ ይብሳል። ሰርጓጅ ሞተር የሚቀዘቅዘው በጎኑ በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ፣ ውሃው ሲያልቅ እዚያው ይጋገራል። ኦቨርሎዱ (ፓናሉ ውስጥ ሞተሩን የሚያጠፋው መከላከያ) ደግሞ አያድነውም፣ እሱ የሚጠብቀው አምፔር ሲጨምር ብቻ ነው።

ለጊዜው የመውጫውን ቫልቭ አጥብቡ፣ አምፔሩ መዋዠቅ እስኪተው ድረስ ቀስ እያላችሁ። ዘላቂው ግን የውሃ መጠን የሚያዩ ኤሌክትሮዶች ወይም አምፔር ሲወርድ የሚያጠፋ ሪሌ ከነሰዓት ቆጣሪው ማስገባት ነው። ቆጣሪውን በግምት አትሙሉት፤ ውሃው ወደ ቦታው ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለኩና በዚያ ሙሉት። የነዳጅ ጉድጓድ ላይም ዘዴው ይሄው ነው፦ እነዚያ ላይ ታች የሚነቀንቁት ፓምፖች በደንብ ሳይሞሉ ሲሠሩ ፒስተኑ ፈሳሹን እየመታ ዘንጉን ይጎዳል፣ ስለዚህ መቆጣጠሪያው ዘንጉ ላይ ያለውን ጭነት አንብቦ ያቆመዋል፣ ጉድጓዱ እስኪሞላ ይጠብቃል። ፍጥነት የሚቀንስ ድራይቭ ካላችሁ ከማጥፋት ማዝገም ይሻላል፣ ግን በአብዛኛው ከ30 ኸርዝ በታች አታውርዱት።

አየር የለም፣ ግን ውሃው ትንሽ ነው

ትናንት ኤሌክትሪሽያን ነክቶት ከነበረ ፓምፑ ወደ ኋላ እየዞረ ሊሆን ይችላል። ዋናውን ማብሪያ ዘግታችሁ ሁለት ፌዝ አቀያይሩ። በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ከቀነሰ ግን አሸዋ በልቶታል ወይም ቧንቧው ተቀዷል፤ ማውጣት ነው።

ኦቨርሎዱ እየደጋገመ ይጥላል

እባካችሁ የኦቨርሎዱን መጠን የሚወስነውን ብሎን ከፍ አታድርጉ! መጀመሪያ ቮልቴጅ ለኩ። ለ380 ቮልት ሞተር 10 በመቶ ወዲህ ወዲያ ማለት ከ342 እስከ 418 ነው። ቀጥሎ ፌዞቹን አወዳድሩ፤ የ1 በመቶ የቮልቴጅ ልዩነት አምፔሩን ከ6 እስከ 10 በመቶ ሊያዛባ ይችላል።

አንዱ ፌዝ ለብቻው ከፍ ካለ ጥፋቱ የመብራቱ ነው የሞተሩ? ኃይሉን ዘግታችሁ ሦስቱንም የሞተር ገመዶች በተራ አንድ አንድ ቦታ አሳልፉ፣ እንዲህ ሲሆን የመዞሪያው አቅጣጫ አይቀየርም። ከፍተኛው አምፔር እዚያው መስመር ላይ ከቀረ ችግሩ ከመስመሩ ነው፤ ገመዱን ተከትሎ ከሄደ ከሞተሩ ወይም ከኬብሉ። ብዙ ሰው ይህችን ሳይሞክር ነው ክሬን የሚጠራው። ሦስቱም እኩል ከፍ ካሉና ቮልቴጁ ደህና ከሆነ አሸዋ ወይም ኩሽኔታ ይዞታል። አንድ ፌዝ ሲጠፋ የሚያቆም ሪሌ ከሌላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ አስገቡ።

በየደቂቃው ይነሳል፣ ይቆማል

የታንከሩ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማስነሻና ማቆሚያው ተቀራርቦ ይሆናል፣ አራርቁት። ወይ ቼክ ቫልቩ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው) ያፈሳል፤ ያኔ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ሲመለስ ፓምፑን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል፣ በዚያ ቅጽበት ከተነሳ ዘንጉ ሊሰበር ይችላል። ቫልቩ እስኪቀየር ማስነሻው ላይ መዘግየት ጨምሩ።

ጭራሽ አይነሳም

ፊውዝና ኮንታክተር (ለሞተሩ ኃይል የሚያገናኘውን ማብሪያ) ካያችሁ በኋላ በሜገር፣ ማለትም የሞተሩንና የኬብሉን ኢንሱሌሽን በሚፈትሸው መሣሪያ፣ መለካት ነው። ድራይቭ ካለ መጀመሪያ ገመዱን ከሱ ንቀሉ፣ አለበለዚያ ሜገሩ ድራይቩን ይገድለዋል።