የልብ ሐኪምን ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ማሠልጠን፦ ከሳንባ ጀምሩ

ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አሳምሮ የሚያነብ የልብ ሐኪም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲመደብ የሚቸገረው በልብ አይደለም፤ በቬንትሌተር (በመተንፈሻ ማሽን)፣ በድሪፕ (በደም ሥር በጠብታ በሚሰጥ መድኃኒት) እና በኦክስጅን ነው። ከሱሉልታ እስከ ሰበታ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሆስፒታሎች ሥልጠና የምታዘጋጁ ሁሉ የመጀመሪያውን ሳምንት ለቬንትሌተር ስጡት። የልብ ድካም ስላይዱን ብታሳጥሩት የሚከፋ የለም።

መጀመሪያ ሜትር ያዙ። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው አየር የሚሰላው በቁመት እንጂ በሚዛን አይደለም። ለሴት ከቁመቷ በሳ.ሜ. 152.4 ቀንሱ፣ በ0.91 አባዙ፣ 45.5 ደምሩ፤ ለወንድ 50 ደምሩ። 160 ሳ.ሜ. የሆነች ሴት 52 ኪሎ ትባላለች፤ በኪሎ ከ6 እስከ 8 ሚ.ሊ. ሲታሰብ ከ315 እስከ 420 ሚ.ሊ. አካባቢ ይደርሳታል። እግሯና ሆዷ አብጦ ሚዛኑ 70 ቢያሳይም ትርፉ ውሃ ነው፤ ሳንባዋ አላደገም። ትንፋሹ ገብቶ ካበቃ በኋላ መሣሪያውን ለአፍታ አቁማችሁ የምታነቡት ግፊት ከ30 ሳ.ሜ. ውሃ አይለፍ።

ፒፕ (ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ማሽኑ ሳንባ ውስጥ የሚያቆየው ግፊት፣ በሳ.ሜ. ውሃ) ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ የልብ ሐኪሙ ዕውቀት እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው። ግፊቱ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይቀንሳል፣ የግራውን ክፍል ሸክም ያቀላል። ስለዚህ ሳንባው ውሃ የሞላበትን ታማሚ ከ5 ወደ 8 ሲያሳድጉለት ይሻለዋል፤ የቀኝ ልቡ የደከመው ግን በዚያው 8 ላይ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ሠልጣኙ ቁልፉን ከመንካቱ በፊት የደም ግፊቱ ወዴት እንደሚሄድ ይናገር፤ ከዚያ ሞኒተሩን አብራችሁ እዩ። ሳይገምት የነካ ሠልጣኝ ከውጤቱ ብዙ አይማርም።

በሩማቲክ ሕመም ማይትራል ቫልቩ (በግራ ልብ ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው በር) የጠበበ ወጣት የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባለት ለብቻው ልምምድ ይፈልጋል። ደም በጠበበው ቫልቭ ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ምቱ ሲፈጥን ያ ጊዜ ያጥራል፣ ሳንባው ይሞላል። ማስተኛ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የደም ግፊት የሚያነሣው ኖርኢፒኔፍሪን ተንጠልጥሎ ዝግጁ ይሁን፣ የማስተኛው መጠንም ይቀነስ። ኬታሚን የተባለው ማስተኛ ምት እንደሚያፈጥን ማስታወስ አይከፋም።

ከፍታውን አትርሱ። በ2,400 ሜትር አካባቢ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 760 ወደ 570 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ ገደማ ይወርዳል። በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ለሚሰጠው የኦክስጅን ድርሻ ሲካፈል የሳንባ ጉዳት ወሰን ተብሎ በመጻሕፍት የሚጻፈው 300 እዚህ ወደ 225 ይጠጋል። ይህን ያልተማረ ሐኪም ጤነኛውን ሳንባ ታሟል ሊል ይችላል።

ድሪፑን በእጅ ያዘጋጁ። 4 ሚ.ግ. ኖርኢፒኔፍሪን በ250 ሚ.ሊ. 5 በመቶ ግሉኮስ ሲበረዝ በሚ.ሊ. 16 ማይክሮግራም ይሆናል። ለ60 ኪሎ ሰው በኪሎ በደቂቃ 0.05 ማይክሮግራም ማለት በሰዓት 11 ሚ.ሊ. ነው፤ በሚ.ሊ. 60 ጠብታ በሚሰጥ ማይክሮ ድሪፕ ደግሞ በደቂቃ 11 ጠብታ። ፓምፕ ካለ በፓምፕ ይሂድ፤ ጠብታ ታማሚው ክንዱን ባጠፈ ቁጥር ይለወጣል። አምፑሉን በደንብ አንብቡ፦ አንዳንዱ ላይ 4 ሚ.ግ. የሚለው የታርትሬቱ ጨው ክብደት ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ 2 ሚ.ግ. ብቻ ነው፣ ሳይታወቅ ግማሽ መጠን ይሄዳል። ሌላው የተለመደ ጥፋት የሌሊቱ ነው፦ ከረጢቱ ሲያልቅ ተተኪው ገና ሳይዘጋጅ ይገኛል። ለልምምድ ተራ ውሃ ተጠቀሙ፤ የልምምዱን ከረጢት ግን ወዲያው ቀድዳችሁ ጣሉት፣ መድኃኒት መደርደሪያ ላይ የተረሳ ቀን አደጋ ነው።

ኦክስጅን ስሌት ነው። የሲሊንደሩን የውሃ ሊትር በጌጁ ባር አባዙ፦ 40 ሊትር በ100 ባር 4,000 ሊትር ይሆናል። በደቂቃ 12 ሊትር የሚወስድ ታማሚ አምስት ሰዓት ተኩል ይቆይበታል፤ የመጨረሻውን 20 ባር ግን አትቁጠሩት። ወደ መሀል ከተማ ሪፈር ሲደረግ የመንገዱን ጊዜ እጥፍ ያዙ፤ የመንገዱ መጨናነቅ ለአምቡላንስም አይራራም። መብራት ቢጠፋስ? ቬንትሌተሩን ከሙከራ ሳንባ ጋር አገናኝታችሁ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደቆየ መሣሪያው ላይ ጻፉ። አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው ከረጢት) ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይሆን አልጋው ራስጌ ላይ ይንጠልጠል።

ፈተናውን ሲስተሯ ትፈትን። ሌሊት የምትደውለው እሷ ስለሆነች ቁጥሩን እሷ ትንገር፣ ሠልጣኙ ትእዛዙን በስልክ ይስጥ፤ መጠኑን ደግማ ስታነብለት ያላዳመጠ አላለፈም።

የባሉን ፓምፕ (በደም ሥር ገብቶ ልብን የሚያግዝ መሣሪያ) ትምህርት መሣሪያው በሌለበት ሆስፒታል ይቆይ። በምትኩ ከ2019 ጀምሮ የሚሠራበትን የልብ ሾክ (ልብ ደክሞ ለአካላት በቂ ደም የማይደርስበት ሁኔታ) ደረጃ ከኤ እስከ ኢ አስተምሩ፤ ጥቅሙ ለመደወያ ነው። ድሪፕ ያስፈለገው ታማሚ ሲ ላይ ነው፣ ያኔውኑ ተቀባዩ ሆስፒታል ይደወል። የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራ ሲል ዲ ይባላል፤ እስከዚያ መጠበቅ መንገዱን አያሳጥረውም። ደዋዩ አራት ነገር ይዞ ይደውል፦ የደም ግፊት፣ የድሪፑ መጠን፣ ላክቴት (አካላት በቂ ደም እንዳላገኙ የሚጠቁም የደም ምርመራ)፣ የቀረው ኦክስጅን በሰዓት።