ለአሻንጉሊት ባቡር የሚሆን ፓወር ሳፕላይ፦ ስንት ቮልት፣ ስንት አምፔር?

ሐዲድ ላይ የሚሄድ አሻንጉሊት ባቡር ጎንደር የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በሻንጣ ነው። ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል ወይም ከጀርመን የመጣ ዘመድ ለልጆች ይዞት ይመጣል። ሳጥኑ ይከፈታል፣ ሐዲዱ ይገጣጠማል፣ ትራንስፎርመሩ ግድግዳ ላይ ይሰካል። ባቡሩ የሚበላሸው እዚህች ላይ ነው። ከመሰካትዎ በፊት ትራንስፎርመሩን ገልብጠው ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

«ኢንፑት» ከሚለው አጠገብ «ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ካለ ያለ ስጋት ይሰካል፤ ቢጎድለው የሶኬት መቀየሪያ ነው። የአውሮፓና የእስራኤል ዕቃ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ይላል፤ እሱም ችግር የለበትም። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ከሆነ ግን አይሰኩት። የእኛ መስመር 220 ነው። በ120 የተሠራ ትራንስፎርመር 220 ሲገባበት ከሚችለው በላይ ኮረንቲ ይስብና ጠምዛዛው ሽቦ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። እስኪቃጠል ድረስ ደግሞ 18 ቮልት መስጠት የነበረበት መውጫ ወደ 33 ቮልት ይሰጣል፤ ስለዚህ ትራንስፎርመሩ ብቻ ሳይሆን የባቡሩ ሞተርና አምፖሎችም አብረው ይሄዳሉ።

የአሜሪካውን ትራንስፎርመር የግድ መጠቀም ካለብዎ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የባቡሩ ትራንስፎርመር 80 ዋት የሚል ከሆነ ማውረጃው ቢያንስ 150 ዋት ይሁን። ለፀጉር ማድረቂያ ተብላ የምትሸጠዋን ቀላል የጉዞ መቀየሪያ አይግዙ፤ ሞገዱን እየቆራረጠች ስለምትሰጥ ትራንስፎርመርን ታቃጥላለች። ሌላው ነገር ኸርዙ ነው። ማውረጃ ቮልት እንጂ ኸርዝ አይቀይርም፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርዝ ላይ የበለጠ ይሞቃል። ከሚችለው ሁለት ሦስተኛ በላይ አይጫኑት፤ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላም ያሳርፉት። ባቡሩ በዲሲ (አቅጣጫው በማይለዋወጥ፣ ባትሪ በሚሰጠው ዓይነት ኮረንቲ) የሚሠራ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ወጪና ሙቀት ምንም አያስፈልግም፤ የአሜሪካውን ትራንስፎርመር አስቀምጦ እዚሁ ለባቡሩ ቮልት የሚስማማ አዳፕተር መግዛት ይሻላል።

ባቡሩ ምን ዓይነት ነው?

ማስመሪያ ይያዙና በሁለቱ ሐዲዶች የውስጥ ጠርዝ መካከል ያለውን ስፋት ይለኩ። ቮልቱን የሚነግርዎ ይህ ልክ ነው።

9 ሚሊ ሜትር፦ ኤን የሚባለው ነው። ዲሲ፣ ቢበዛ 12 ቮልት። አንድ ጎታች ከ0.1 እስከ 0.3 አምፔር ይወስዳል።
16.5 ሚሊ ሜትር፦ ኤችኦ። ዲሲ፣ 12 ቮልት። አዲስ ጎታች ከ0.25 እስከ 0.5፣ አሮጌ እስከ 1 አምፔር።
32 ሚሊ ሜትር፦ ኦ። መሐል ላይ ሦስተኛ ሐዲድ ካለው የአሜሪካው ኩባንያ ላዮኔል እንደሚሠራው ያለ ነው፤ ኤሲ (እንደ ግድግዳው መስመር አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኮረንቲ)፣ እስከ 18 ቮልት፣ ከ2 እስከ 3 አምፔር።
45 ሚሊ ሜትር፦ ጂ፣ ትልቁ። ዲሲ፣ ከ18 እስከ 24 ቮልት፣ ከ1 እስከ 2 አምፔር።

16.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ በሐዲዱ መሐል ትንንሽ የብረት ነጥቦች ከተደረደሩ የጀርመኑ ኩባንያ የሜርክሊን ባቡር ነው። እሱ 16 ቮልት ኤሲ ይፈልጋል፤ አቅጣጫ የሚቀይረውም 24 ቮልት ለአፍታ ሲላክለት ስለሆነ በተራ 12 ቮልት ዲሲ አዳፕተር ሊታዘዝ አይችልም። የዲሲ ባቡርን ኤሲ ላይ ማድረግ ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ቆሞ ይግላል፣ ካልተነቀለም ይቃጠላል። ዲጂታል ኮንትሮለር ያለው ባቡር ከሆነ በኮንትሮለሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ብቻ ይከተሉ፤ ከግምት የሚገኝ ነገር የለም። በድንጋይ ባትሪ የሚሠራውን የፕላስቲክ ባቡር ደግሞ በስልክ ቻርጀር ለማስነሳት አይሞክሩ፤ ሁለት ድንጋይ 3 ቮልት ነው፣ የስልክ ቻርጀር 5 ይሰጣል።

አምፔሩን መደመር

ቮልት መግጠም አለበት፤ አምፔር መብለጥ አለበት። አንድ ባቡር የሚፈልገውን ብቻ ይስባል፣ ስለዚህ 0.5 አምፔር የሚወስድ ጎታች 2 አምፔር አዳፕተር ላይ ቢሆን አይጎዳም። ጎታቹ ብቻውን አይደለም ግን። በውስጡ አምፖል ያለው ፉርጎ እያንዳንዱ ወደ 0.05 አምፔር ይወስዳል፣ ጭስ የሚያወጣ ጎታች ለጭሱ ብቻ ወደ 0.2 አምፔር። የኤችኦ ጎታች 0.5፣ አራት መብራት ያላቸው ፉርጎዎች 0.2፣ ጭስ 0.2፤ ድምሩ 0.9 ነው። በዚህ ላይ ግማሹን ይጨምሩ፣ 1.35 ይሆናል። 1.5 ወይም 2 አምፔር የሚለውን ይግዙ።

ግማሽ ጨምሩ የምንለው በሁለት ምክንያት ነው። ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ሲሄድ ከሚወስደው በላይ ይስባል። ሁለተኛው የጎንደር ጉዳይ ነው፦ ብዙ የቻይና አዳፕተሮች ጀርባ ላይ የተራራ ምልክትና «2000 ሜትር» የሚል ቁጥር አለ፤ የተፈተኑት እስከዚያ ከፍታ ድረስ ነው ማለት ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት በደንብ አይወሰድም፤ ስለዚህ አዳፕተርን እስከ አፍንጫው አይጫኑት፣ ምንጣፍ ሥር ወይም ብርድ ልብስ ላይም አያስቀምጡት።

ሱቅ ላይ ምን ይገኛል?

ፒያሳና አራዳ ካሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር (12 ቮልት 1 አምፔር) እና የካሜራ አዳፕተር (12 ቮልት 2 አምፔር) ይጠይቁ። ለኤን የመጀመሪያው፣ ለኤችኦ ሁለተኛው ይበቃል። ለጂ የላፕቶፕ ቻርጀር ጥሩ ነው፤ 19 ቮልት፣ ከ3 አምፔር በላይ ይሰጣል። ለኤልኢዲ መብራት የሚሸጠውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት የብረት ሳጥን ግን ለልጆች ጨዋታ አይግዙ። 220 የሚገባበት ብሎን ፊት ለፊት ክፍት ነው፣ ጣት ይደርስበታል።

ጀርባው ላይ 2 አምፔር ስለተጻፈ 2 አምፔር ይሰጣል ማለት አይደለም። ከመክፈልዎ በፊት ወይም ቤት እንደደረሱ በዚህ ይፈትኑት፦ 12 ቮልት 10 ዋት የሚል የፍሬቻ አምፖል ከመለዋወጫ ሱቅ ሁለት ይግዙ። እያንዳንዱ 0.8 አምፔር ያህል ይወስዳል። አንዱን ያብሩ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ይጨምሩ። ሁለቱን በአንዴ አያገናኙ፤ ቀዝቃዛ አምፖል ሲነሳ ብዙ ስለሚስብ ደህናው አዳፕተር እንኳ እየበራ እየጠፋ ሊያሳስትዎ ይችላል። ሁለቱም በርተው አሥር ደቂቃ ይቆዩና በቴስተር ይለኩ። ቮልቱ ከ11.5 በታች ከወረደ፣ ወይም አዳፕተሩ በእጅ መያዝ እስኪያቅት ከጋለ፣ ይመልሱት።

አዳፕተር ብቻውን ባቡር አይነዳም። 12 ቮልቱን በቀጥታ ሐዲዱ ላይ ቢለቁት ባቡሩ በሙሉ ፍጥነት ይወጣና በመጀመሪያው ኩርባ ይገለበጣል። በመካከል ለዲሲ ሞተር የተሠራ፣ 3 አምፔር የሚችል የፍጥነት መቆጣጠሪያ ያስገቡ፤ ወደ ኋላ ማስኬጃ ማብሪያ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። የአዳፕተሩን ጫፍ ከማስገባትዎ በፊት ፖዘቲቩ መሐሉ ይሁን ውጪው በቴስተር ያረጋግጡ። ሐዲድ ላይ መገልበጡ ባቡሩን ወደ ኋላ ከማስኬድ ያለፈ ጉዳት የለውም፤ መቆጣጠሪያው ላይ መገልበጡ ግን መቆጣጠሪያውን ያቃጥላል።

ከመጠን ያለፈ ኃይልም አደጋ ነው

«10 አምፔር ያለው ይሻላል» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። አይሻልም። ባቡር ከሐዲድ ሲወጣ የብረት ጎማው ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛል፣ ሾርት ነው። 2 አምፔር አዳፕተር ራሱን ይዘጋል። 10 አምፔሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ 10 አምፔሩን በዚያች ነጥብ ያፈሳል፤ የጎታቹ ቀጭን ሽቦ ይቀልጣል፣ ፕላስቲኩ ይከተላል። ትልቅ ሳፕላይ ካለዎ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ 2 አምፔር የመስታወት ፊውዝ ያስገቡ። ወይም 12 ቮልት 21 ዋት የመኪና አምፖል በተከታታይ ያገናኙ፤ ባቡሩ በሰላም ሲሄድ አምፖሉ ጨልሞ ይቆያል፣ ሾርት ሲፈጠር ቦግ ብሎ ይበራና ከ2 አምፔር በታች ይይዘዋል። ይህኛውን አብዝተን እንመርጣለን፤ ፊውዝ እየገዙ መቀየር የለም፣ ችግሩም በዓይን ይታያል።

ከሁሉ በላይ የምንፈራው ስህተት ሌላ ነው። አምፔር አነሰ ብለው ሁለት ትራንስፎርመር አንድ ሐዲድ ላይ አያገናኙ። የኤሲ ትራንስፎርመር ወደ ኋላም ይሠራል። አንደኛው እንደተሰካ ሁለተኛው ከግድግዳ ቢነቀል፣ ሐዲዱ ላይ ያለው 16 ቮልት በሁለተኛው መውጫ ተመልሶ ይገባና በተነቀሉት ፒኖች ላይ ወደ 220 ቮልት ገደማ ሆኖ ይወጣል። ወለል ላይ የወደቀ፣ የተነቀለ ስለሆነ ማንም የማይጠረጥረው ፒን ነው፤ ልጅ በእጁ ያነሳዋል። ሁለት ባቡር ለማስኬድ ሁለት የተለያየ ዙር ይሥሩ፣ በመካከላቸው ምንም የብረት ግንኙነት አይኑር። የአውሮፓ የአሻንጉሊት ሕግ ለልጅ መጫወቻ ከ24 ቮልት ዲሲ በላይ የማይፈቅደው ያለ ምክንያት አይደለም።

መብራት ሲጠፋ

መብራት ሲሄድ አዳፕተሩን ይንቀሉት፤ ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩ። በመጥፋቱ ጨዋታው እንዳይቋረጥ ከፈለጉ የዩፒኤስ ባትሪ፣ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት፣ ለኤችኦ ጥሩ ምንጭ ነው። 0.5 አምፔር በሚወስድ ባቡር ግማሹ እስኪያልቅ 7 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥራል። ባትሪ ሾርትን አያውቅም፣ ራሱን አይዘጋም፤ ስለዚህ ፊውዙ ከፖዘቲቩ ምሰሶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ቻርጅ እየተደረገ አያጫውቱበት፣ ቮልቱ ያኔ ከ14 በላይ ሊወጣ ይችላል።

ባቡሩ በአንድ በኩል ፈጥኖ በሌላው ከዘገየስ? አዲስ ሳፕላይ ለመግዛት አይቸኩሉ። ባቡሩ በሩቁ ጫፍ እየሄደ ሳለ ገመዱ በገባበት ቦታና እዚያው ሩቁ ጫፍ ላይ በቴስተር ይለኩ። መግቢያው ላይም ዝቅ ካለ ሳፕላዩ ደክሟል። መግቢያው 12 ሆኖ ጫፉ 9 ከሆነ ግን ጥፋቱ የሐዲዱ መጋጠሚያዎች ነው፦ በበጋው አቧራ ቆሽሸዋል ወይም ላልተዋል። በአልኮል በራሰ ጥጥ ያጽዱ፣ የላላውን በፒንሳ ጠበቅ ያድርጉ፣ ከዚያም ከመቆጣጠሪያው ሁለተኛ ጥንድ ገመድ ወደ ሩቁ ጫፍ ይሳቡ፣ የግራውን ከግራ፣ የቀኙን ከቀኝ ሐዲድ ጋር። 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይበቃል፤ በ5 ሜትር ርቀት 2 አምፔር ቢያልፍበት የሚያጠፋው ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም።