ዴሌጌቱን ይቁጠሩ፦ የአሜሪካ ፓርቲዎችን የፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ውድድርና ክርክር እንዴት እንከታተል?

በአሜሪካ የአንድ ፓርቲ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ በአንድ ቀን፣ በአንድ አገር አቀፍ ድምፅ አይለይም። ክፍለ ግዛቶቹ ከጃንዋሪ ወይም ከፌብሩዋሪ ጀምረው እስከ ጁን በየተራ ይመርጣሉ። ተወዳዳሪው ከየቦታው የሚሰበስበው ዴሌጌት ማለትም ልዑክ ነው፤ በፓርቲው ጉባኤ ላይ የሚቆጠረውም እሱ ነው። ስለዚህ ዜናው «እገሌ በ6 ነጥብ አሸነፈ» ሲል፣ «ስንት ዴሌጌት ያዘ?» ብለው ይጠይቁ።

አንድ ደብተር ወይም ኤክሴል ይክፈቱና ቀኑን፣ ክፍለ ግዛቱን፣ የዴሌጌቱን ብዛት፣ የአከፋፈሉን ዓይነትና እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ያገኘውን ይመዝግቡ። ከገጹ አናት ላይ ለማሸነፍ የሚያስፈልገውን ቁጥር በጉልህ ይጻፉ። በ2020 ዴሞክራቶች ዘንድ በመራጮች ድምፅ ከሚከፋፈሉት 3,979 ዴሌጌቶች 1,991 ያስፈልግ ነበር፤ በ2024 ሪፐብሊካኖች ዘንድ ደግሞ ከ2,429 1,215። ቁጥሩም የምርጫ ቀኖቹም በየአራት ዓመቱ ስለሚቀየሩ ያለፈውን ሰንጠረዥ ገልብጠው አይጠቀሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አከፋፈሉ ላይ ነው። የዴሞክራቶቹ ሕግ በሁሉም ክፍለ ግዛት አንድ ነው፤ ከ15 ከመቶ በታች ያገኘ ምንም አይደርሰውም፣ የቀሩት በድምፃቸው ልክ ይካፈላሉ። ስሌቱ በክፍለ ግዛት ደረጃ ብቻ ሳይሆን በየኮንግረስ ወረዳውም ይሠራል። 6 ዴሌጌት ያለው ወረዳ እንውሰድ። አራት ተወዳዳሪዎች 40፣ 30፣ 16 እና 14 ከመቶ አገኙ እንበል። ባለ 14ቱ ይወጣል። የቀሩት ሦስቱ ድምር 86 ነው። እያንዳንዱን ለ86 አካፍለው በ6 ሲያባዙ 2.79፣ 2.09 እና 1.12 ይመጣል። ሙሉ ቁጥሮቹ 2፣ 2 እና 1 ናቸው፤ አንድ ዴሌጌት ይተርፋል። እሱ ትልቁን ቅሪት (0.79) ለያዘው ይሄዳል፤ ውጤቱ 3፣ 2፣ 1 ይሆናል።

አሁን ወረዳው 4 ዴሌጌት ብቻ ቢኖረውና ሁለት ሰዎች 60 ለ40 ቢለያዩስ? 2.4 እና 1.6 ይመጣል፤ ቅሪቱ የተሸናፊው ስለሚበልጥ 2 ለ2 ይወጣሉ። በ20 ነጥብ አሸንፎ እኩል መካፈል ማለት ነው! 3 ዴሌጌት ያለው ወረዳ ላይ ግን 51 ለ49 እንኳ 2 ለ1 ይሰጣል። በ2008 ኔቫዳ ላይ ሂላሪ ክሊንተን በድምፅ በልጣ ሳለ ኦባማ 13 ለ12 በዴሌጌት የቀደማት በእንዲህ ዓይነት ስሌት ነው። የወረዳው ዴሌጌት ቁጥር ጎዶሎ ይሁን ለሁለት እኩል የሚካፈል፣ አስቀድመው ምልክት ያድርጉበት።

ሪፐብሊካኖች ዘንድ ሕጉ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ከማርች 15 በፊት የሚመርጡት አብዛኞቹ በድምፅ ልክ እንዲያካፍሉ ቢጠበቅም፣ ከ50 ከመቶ በላይ ያገኘ ሁሉንም እንዲጠቀልል የሚፈቅዱ አሉ። ካሊፎርኒያ በ2024 ለዶናልድ ትራምፕ 169ኙንም ዴሌጌት የሰጠችው በዚህ መንገድ ነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ውጤት በእርሳስ ይጻፉ። በ2012 የሪፐብሊካኖች ውድድር አዮዋ ላይ ሚት ሮምኒ በ8 ድምፅ እንዳሸነፈ ተነገረ፤ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ቆጠራው ሲጣራ ሪክ ሳንቶረም በ34 ድምፅ ይመራ ነበር።

የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ሲያዩ ስንት ሰው እንደተጠየቀ ያረጋግጡ። 400 ሰው ከሆነ የስህተት ወሰኑ ወደ 5 ነጥብ ይጠጋል፤ 18 እና 15 ያገኙ ሁለት ተወዳዳሪዎችን ማን ይመራል ብሎ መለየት አይቻልም። አገር አቀፉን ትተው ቀጥሎ የሚመርጠውን ክፍለ ግዛት ይመልከቱ።

ክርክሩን ከማየትዎ በፊት የመግቢያ መስፈርቱን ያንብቡ፤ ተወዳዳሪዎቹን ከመራጩ ቀድሞ የሚያጣራው እሱ ነው። በጁን 2019 ማያሚ ላይ 20 ዴሞክራቶች በሁለት ሌሊት ተከራከሩ፤ መስፈርቱ 65,000 ለጋሾች ወይም በሦስት መለኪያዎች 1 ከመቶ ነበር። ለሴፕቴምበሩ የሂዩስተን ክርክር 130,000 ለጋሾች እና በአራት መለኪያዎች 2 ከመቶ ሆነ። «ወይም» የነበረው «እና» ሲሆን መድረኩ ላይ 10 ሰው ብቻ ቀረ። «አንድ ዶላር ብቻ ይርዱን» የሚለው ኢሜይል የሚጎርፈውም የሚቆጠረው የሰው ብዛት ስለሆነ ነው። ለመለገስ ከወሰኑ፣ በየወሩ እንዲቆረጥ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን መኖሩን ሳያዩ አይክፈሉ። መለገስ የሚፈቀደው ለአሜሪካ ዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በስምዎ ገንዘብ ልኮ እንዲለገስለት ማድረግ ሕገ ወጥ ነው።

በክርክሩ ሰዓት ለእርስዎ የሚያሳስቡዎትን ሦስት ጉዳዮች፣ ለምሳሌ ኢሚግሬሽን፣ የጤና መድንና የቤት ኪራይ፣ በወረቀት ይዘው ይቀመጡ። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ «መለሰ»፣ «ሸሸ» ወይም «ቁጥር ጠቀሰ» ብለው ይጻፉ፤ የተጠቀሰውን ቁጥር በማግሥቱ ያጣሩ። በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2016 በሪፐብሊካኖች ክርክር ላይ ክሪስ ክሪስቲ ማርኮ ሩቢዮን የሸመደድከውን ነው የምትደግመው ብሎ ሲወርፈው፣ ሩቢዮ ስለ ኦባማ የተናገራትን ያችኑ ዐረፍተ ነገር መልሶ ደገማት። ከሦስት ቀን በኋላ ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ ወጣ። በአንጻሩ ትራምፕ በ2023 አንድም የፓርቲውን ክርክር ሳይገኝ ዕጩነቱን ወስዷል። ክርክር የሚጠቅመው ብዙ መራጭ ገና ሳይወስን ሲቀር ነው። በየድረ ገጹ የሚወጣውን «ማን አሸነፈ?» የሚል የክሊክ ድምፅ ይተዉት፤ አንድ ሰው ደጋግሞ ሊጫነው ይችላል።

ከኢትዮጵያ ለሚከታተሉ፦ በዋሽንግተን ሰዓት አቆጣጠር ማታ 9 ላይ የሚጀምር ክርክር በበጋቸው ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች ሁለተኛ እሑድ ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። የረቡዕ ምሽት ከተባለ ለሐሙስ አጥቢያ መሆኑን አይርሱ።

አሜሪካ ሆነው የሚመርጡ ደግሞ የክፍለ ግዛታቸውን ደንብ ቀድመው ይወቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን የፓርቲው ተመዝጋቢ ያልሆነ በፓርቲው የዕጩ ምርጫ አይሳተፍም፤ ፓርቲ መቀየሪያውም ጊዜ ከምርጫው በፊት ያልፋል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው፣ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ቅጹ ቢቀርብለት እንኳ፣ በመራጭነት አይመዝገብ፤ መኖሪያ ፈቃዱን ሊያሳጣው ይችላል።

ተወዳዳሪ ብዙ ከሆነም የፖስታ ድምፅዎን ለመላክ አይቸኩሉ። በ2020 ዴሞክራቶቹ ፒት ቡቲጄጅና ኤሚ ክሎቡቻር ከውድድሩ የወጡት ሱፐር ቱስዴይ (ብዙ ክፍለ ግዛቶች በአንድ ቀን የሚመርጡበት ማክሰኞ) ሁለትና አንድ ቀን ሲቀረው ነበር፤ ቀድመው ለእነሱ የመረጡ ሰዎች ድምፃቸውን መልሰው ለሌላ ለመስጠት አብዛኞቹ ዕድል አላገኙም። የመጨረሻውን ክርክር አይተው፣ ፖስታው በጊዜ እንዲደርስ አንድ ሳምንት ያህል ትተው ይላኩ፤ ካልሆነም በአካል ሄደው የድምፅ መስጫው ሳጥን ውስጥ ይክተቱት።