ወርቅ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት፦ የቆየ የወርቅ ሳንቲም ዋጋ እንዴት ይታወቃል?

አዳማ ውስጥ ሠርግ ሲደርስ ወይም ገንዘብ ሲያጥር፣ ከአያት ሳጥን አንዳንዴ የወርቅ ሳንቲም ይወጣል። ከዚያ ጉዞው በቀጥታ ወደ ወርቅ ቤት ነው። ባለሱቁ ይመዝናል፣ በግራም ይከፍላል፣ ሳንቲሙ ቀልጦ የጆሮ ጌጥ ይሆናል። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል። አንዳንዱ ሳንቲም ከወርቁ ዋጋ በላይ ያወጣልና፤ አንዴ ከቀለጠ ደግሞ አለቀለት። ከመሸጣችሁ በፊት ግማሽ ቀን ስጡት።

1. አታጽዱት

በሎሚና በአመድ፣ በኮልጌት፣ በደረቅ ጨርቅም ቢሆን አትሹት። ሰብሳቢ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለው ያልተነካ ገጽታ ሲያገኝ ነው። ሲታሽ የሚቀረውን ጥቃቅን ጭረት ባለሙያ በማጉያ መነጽር ወዲያው ያየዋል። በጠርዙ ያዙት፤ ፊቱን በጣት አትንኩት።

ወርቅ ቤት ስታስመዝኑም አስቀድማችሁ ተናገሩ። የተለመደው ፍተሻ ጥቁር ድንጋይ ላይ ፍቆ አሲድ ጠብ ማድረግ ነው። ሳንቲም ላይ ግን ይህ ጠባሳ ጥሎ ያልፋል። «ወንድሜ፣ እባክህ አትፋቀው፤ ብቻ መዝንልኝ» በሉት። ካራት በማሽን የሚለካ ሱቅ ካገኛችሁ እሰየው።

2. የማን እንደሆነ ለዩት

የዳግማዊ ምኒልክ ከሆነ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ተጽፏል። ፲፰፻፹፱ ማለት 1889 ዓ.ም. ነው፤ ከዐድዋ ድል ቀጥሎ ያለው ዓመት። የገንዘቡ ስም ራሱ «ወርቅ» ነበር። አንድ ወርቅ 7 ግራም፣ ግማሹ 3.5፣ ሩቡ 1.75 ግራም ይመዝናል። ከ1000 እጅ 900ው ንጹሕ ወርቅ ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ1958 ዓ.ም. ሳንቲሞችም ንጽሕናቸው ያው 900 ነው። ባለ 10 ብሩ 4 ግራም፣ ባለ 20ው 8፣ ባለ 50ው 20፣ ባለ 100ው 40፣ ባለ 200ው 80 ግራም ነው። እነዚህ ለሰብሳቢ ተብለው የተመቱ ስለሆኑ ፊታቸው እንደ መስታወት ያበራል። አንድ የጣት አሻራ እንኳ ይጎዳቸዋል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ካያችሁ የቤተ ክርስቲያን ሜዳሊያ ሊመስላችሁ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ሶቨሪን የሚባለው የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ነው፦ 7.99 ግራም፣ 22 ካራት፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ። የፈረንሳይ 20 ፍራንክ ደግሞ 6.45 ግራም ይመዝናል።

በጣም ትንሽ ሆኖ፣ የንጉሡን ምስል ሁለት የእህል ዘለላዎች ግራና ቀኝ ከከበቡት፣ እዚያው ላይ ቁሙ። ይህ የአክሱም ሳንቲም ሊሆን ይችላል። አክሱም ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የራሷን ወርቅ ትመታ ነበር። ከላይ ጨረቃ ካለበት ከክርስትና በፊት የተመታ ነው፤ መስቀል ካለበት ከንጉሥ ኢዛና መጠመቅ ወዲህ ነው። እንዲህ ያለውን ለደላላ አታሳዩ። ቅርስ ነውና የሚወሰደው ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ነው፤ አዳማ ላይ መጀመሪያ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።

3. መዝኑት፣ ውሃ ውስጥም ክተቱት

የወጥ ቤት ሚዛን አይበቃም። የግራምን መቶኛ የሚያሳይ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል። ክብደቱ ከላይ ካለው ቁጥር በጣም ከራቀ ጠርጥሩ። መጠነኛ ጉድለት ከመበላት ይመጣል፤ ብልጫ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ማንጠልጠያ ከተበየደበት ብልጫው ከዚያ ነው።

አሁን የውሃ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ውሃው ውስጥ አስገቡ፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ ትንሽ ቁጥር ያሳያል። የደረቁን ክብደት ለዚያ ቁጥር አካፍሉት። 7 ግራም የሆነው የምኒልክ ወርቅ 0.41 ገደማ ያሳያል፤ ሲካፈል 17 አካባቢ ይመጣል። ሶቨሪን ትንሽ ከፍ ይላል። 10 አካባቢ ከሆነ በወርቅ የተቀባ ብር ነው፣ 8 ወይም 9 ከሆነ ናስ ወይም መዳብ። ፎርጅድ ሠሪ ክብደቱን ማስመሰል ይችላል፤ ክብደቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን አንድ ላይ ማስመሰል ግን በጣም ይከብደዋል። በነገራችን ላይ የሩብ ወርቅ ላይ ይህን ፍተሻ አትመኑት፤ ሳንቲሙ ስለሚያንስ የሚዛኑ ትንሽ ስሕተት ውጤቱን ያዛባዋል። ሲያበቃ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁት።

4. የወርቁን ዋጋ አስሉ

ክብደቱን በንጽሕናው አባዙ፦ 7 ሲባዛ በ0.9፣ 6.3 ግራም ንጹሕ ወርቅ። ለ22 ካራት በ0.917 አባዙ። የተገኘውን በዕለቱ የ24 ካራት የግራም ዋጋ አባዙት። ብሔራዊ ባንክ የሚያወጣውን ዋጋ እዩ፣ ሁለት ሦስት ወርቅ ቤትም ጠይቁ። ከዚህ በጣም ዝቅ ብሎ የሚሰጣችሁን ሰው አመስግናችሁ ውጡ።

5. ደረጃ ይሰጠው ወይስ ይቅር?

ታዋቂዎቹ ደረጃ ሰጪዎች ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ናቸው፤ ሁለቱም መቀመጫቸው አሜሪካ ነው። ሳንቲሙን መርምረው ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጡታል፣ በላስቲክ ሣጥን ያሽጉታል። 60ና ከዚያ በላይ ማለት እጅ በእጅ ያልዞረ ማለት ነው። እናንተ ራሳችሁ ግምት ለመያዝ ብርሃን ከጎን አብሩበትና በማጉያ እዩ። መበላት የሚጀምረው ጎላ ካሉት ቦታዎች ነው፦ ከዘውዱ፣ ከጆሮ በላይ ካለው ፀጉር፣ ከአንበሳው ጎፈር።

የእኔ አቋም ይኸው ነው። የተበላ ሶቨሪንን ደረጃ አታሰጡት፤ ብዙ ስላለ ከወርቁ ብዙም አይበልጥም። ለአንገት ሐብል ማንጠልጠያ የተበየደበት፣ የተበሳ ወይም የታሸ ሳንቲምም ይቅርባችሁ። «ጉዳት አለበት» ተብሎ ያለ ነጥብ ይመለሳል፤ ማንጠልጠያውን ማስነቀልም ዱካውን አያጠፋም። ያልተበየደ የምኒልክ ወርቅ ከሆነ ግን በቁም ነገር አስቡበት። ፎርጅድ ስለሚበዛበት ገዢ የሚፈልገው ማረጋገጫ ነው።

ሒሳቡን አስቀድሙ። ተመሳሳይ ሳንቲም በጨረታ በእውነት የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጉ፤ ሻጭ የጠራውን አይደለም። ከዚያ ላይ የወርቁን ዋጋ፣ የደረጃ ክፍያውን፣ የመላኪያውንና የኢንሹራንሱን ቀንሱ። የሚተርፈው ትንሽ ከሆነ ተዉት።

ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ስለዚህ የአገራችንን ሳንቲም በሰው እጅም ሆነ በፖስታ ከመላካችሁ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ለማንም ስታስረክቡ ደግሞ ሳንቲሙን ሚዛን ላይ አድርጋችሁ ቁጥሩ በሚታይበት ሁኔታ በሁለቱም ፊት ፎቶ አንሡ፣ የፊርማ ደረሰኝም ተቀበሉ።