ሊዝበን እየሠሩ ፖርቱጋልኛ መልመድ፦ ከጆሮ ጀምሩ

ሊዝበን ላይ በእንግሊዝኛ ብቻ ወራት መግፋት ይቻላል። ወጣቶቹ አብዛኞቹ ይችላሉ፤ አስተናጋጁም ገና አፋችሁን ስትከፍቱ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይርላችኋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ደመወዝ የምታሰላው ሴትዮ፣ ቤት አከራዩ፣ ጤና ጣቢያ መስኮት ላይ የተቀመጠው ሰው፣ ኩሽና ውስጥ አብራችሁ የምትሠራው ትልቅ እናት የሚያወሩት ፖርቱጋልኛ ነው፤ ኑሯችሁ ደግሞ ያለው በእነሱ እጅ ነው። ስለዚህ "መጀመሪያ ልደላደል፣ ቋንቋው ይደርሳል" አትበሉ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ።

አጀማመሩ ግን ከመጽሐፍ አይሁን፣ ከጆሮ ይሁን። ስልክ ላይ የምናወርዳቸው ብዙዎቹ የቋንቋ መተግበሪያዎች የሚያስተምሩት የብራዚሉን ነው። የብራዚል ሰው አናባቢውን ከፈት፣ ዘርዘር አድርጎ ይናገራል። የፖርቱጋል ሰው ይውጠዋል። በብራዚሉ ብቻ ተለማምዶ ሊዝበን የገባ ሰው አውቶቡስ ውስጥ የሚሰማው ሌላ ቋንቋ ይመስለዋል። የመንግሥቱ ጣቢያ ኤር ቴ ፔ በኢንተርኔት በነፃ ይታያል፣ ማታ በ20 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት) ዜና አለው። ሁሉም ባይገባችሁም ክፈቱት፤ እራት እየሠራችሁ ጆሯችሁ ይልመድ።

አሁን ደስ የሚለኝን ነገር ልንገራችሁ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ለዚህ ቋንቋ ጥሩ ፊደል አለን። እንግሊዞችን የሚያስቸግራቸው ያ የተዋጠ ድምፅ የእኛ ሳድስ ነው። ቴሌፎን የምንለውን እነሱ "ትልፎን" ይሉታል። ይቅርታ "ድሽኩልፕ" ነው። አልገባኝም "ናው ፕርስቢ" ነው። ኝም፣ ዥም፣ ሽም አለን፦ ነገ "አማኛ"፣ ዛሬ "ኦዥ"፣ ሁለት "ዶይሽ"። ስለዚህ ትንሽ ደብተር ያዙና የሰማችሁትን በሰማችሁት መልክ በፊደላችን ጻፉት፣ የላቲኑን አጻጻፍ ከጎኑ በኋላ ትጨምሩታላችሁ፤ የላቲኑን ቀድማችሁ ካያችሁ ግን ዓይናችሁ ጆሯችሁን ያሳስተዋል። የሚከብደን በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ ነው። ዳቦ "ፓው" ሲሆን በአፍንጫ ነው፤ ያለ አፍንጫ ካላችሁት ዱላ ሆነ። ቭን ደግሞ ብ አታድርጓት።

የሳምንቱን ቀናት ለመያዝም የእኛው ይረዳል። እነሱም እንደ ግዕዙ እሑድን አንድ ብለው ነው የሚቆጥሩት። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ እንደሆነ ሁሉ "ኳርታ" ረቡዕ ነው፣ "ኪንታ" ሐሙስ። ሰዓቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የሥራ ፕሮግራም ላይ 15 ሰዓት ከተጻፈ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ቤተሰብ ጋ ስትደውሉም ኢትዮጵያ በክረምታቸው በ3 ሰዓት፣ በበጋቸው በ2 ሰዓት እንደምትቀድም አትርሱ።

ወደ ወረቀቱ ልሂድ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የግብር ቁጥር ነው፣ "ኒፍ" ይሉታል፣ 9 አሃዝ ነው። ያለሱ ቤት መከራየትም፣ የባንክ ደብተር መክፈትም፣ መቀጠርም አይታሰብም። ቀጥሎ የማኅበራዊ ዋስትናው "ኒስ"፣ 11 አሃዝ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የታካሚነት ቁጥር ታወጣላችሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ከ2023 ጥቅምት ወር መጨረሻ ጀምሮ "አይማ" በሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። የት እንደምትኖሩ የሚያረጋግጠው ወረቀት ከቀበሌያቸው ይወጣል፣ "ዡንታ" ብላችሁ ጠይቁ። የትም ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ ወረፋ ቁጥር የምትሰጠውን ማሽን ይፈልግ። ወረቀቷ "ሴኛ" ትባላለች። እሷን ሳትይዙ ቆማችሁ ብትውሉ ማንም አይጠራችሁም። ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ሲቀየር አንዳንዴ በድምፅም ይጠሩታል፣ እና እስከ መቶ መቁጠርን ከሰላምታ እኩል አጥኑ።

የመጀመሪያው ትክክለኛ ፈተና ሱፐርማርኬት ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ሳትል፣ በአንድ ትንፋሽ "ኬር ኮንትሪብዊንት ና ፋቱራ?" ትላለች። የግብር ቁጥርሽ ደረሰኙ ላይ ይግባ ወይ እያለች ነው። አሃዞቹን አንድ በአንድ በፖርቱጋልኛ ንገሯት። በየቀኑ ዘጠኝ አሃዝ እውነተኛ ሰው ፊት ትለማመዳላችሁ፣ በዚያ ላይ ከአንዳንድ ወጪዎች የተወሰነው የዓመቱ ግብራችሁ ሲሰላ ይቀነስላችኋል። ወደ እንግሊዝኛ ስትቀይርባችሁ ደግሞ "ፖድ ፋላር ማይሽ ድቫጋር?" በሉ፣ ቀስ ብለሽ ትናገሪልኛለሽ ማለት ነው። በትሕትና ከተባለ የሚከፋ ሰው የለም።

ትሕትናቸው ለእኛ አይከብድም። አንተና አንቺ ለምንለው "ቱ" አላቸው፣ እሱ ለጓደኛና ለልጅ ነው። ለማያውቁት ሰው "ኡ ስኞር"፣ ሴት ከሆነች "አ ስኞራ" ይባላል፣ ልክ እንደ እርስዎ። ከብራዚል የለመድነው "ቮሴ" ግን እዚህ ለብዙ ሰው ጆሮ ሻካራ ነው። የሥራ ባልደረባን በስሙ ጠርቶ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ አድርጎ መናገርም አለ፦ "አ ማሪያ ኬር ካፌ?" ሲሉ ማሪያን ራሷን እየጠየቁ ነው። ሱቅም ሊፍትም ውስጥ ስትገቡ "ቦን ዲያ" ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ስታመሰግኑ ወንዱ "ኦብሪጋዱ"፣ ሴቷ "ኦብሪጋዳ" ትላለች።

ሥራ ላይ ሰዋስው አያድናችሁም፣ የዕቃው ስም ነው የሚያድናችሁ። ጽዳት የምትጀምሩ ከሆነ ባልዲው "ባልድ"፣ መወልወያው "ሽፍርጎና"፣ ጓንት "ሉቫሽ"፣ በረኪና "ሊሺቪያ" ነው። የመጨረሻዋን በደንብ ያዙ፤ በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያመጣል፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ደግሞ በፖርቱጋልኛ ነው። ኩሽና ከሆነ "ኬንት" ማለት ትኩስ፣ "ኩይዳዱ" ማለት ተጠንቀቅ ነው፤ እነዚህን ሲጮኹ ተርጓሚ አይጠበቅም። የዕለቱን ዕቃ ስም ባልደረባችሁን እየጠየቃችሁ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። ለማስተማር የሚሳሱ ሰዎች አይደሉም። ስለ ኢትዮጵያ ሲጠይቋችሁ በ1541 ወደ አራት መቶ ወታደር ይዞ አገራችንን ሊረዳ ስለመጣው ፖርቱጋላዊ፣ ስለ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ አንሱላቸው፣ ወሬው ይደራል።

ደመወዝ ላይ ግን ጠንከር በሉ። በ2025 ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 870 ዩሮ ነበር። ከሱ ላይ 11 በመቶው ለማኅበራዊ ዋስትና ይቆረጣል፣ 774 ዩሮ ከ30 ሳንቲም ይቀራል። በዓመት የሚከፈለው 14 ደመወዝ ነው፣ አንዱ ለዕረፍት፣ አንዱ ለገና። አንዳንድ ቀጣሪዎች እነዚህን ሁለቱን በየወሩ ቆራርጠው ይሰጣሉ፤ እንደዚያ ከሆነ ወርሃዊው ብር ብዙ ስለሚመስል ሥራ ስታወዳድሩ ሒሳቡን አፍታቱት። የዓመት ዕረፍት 22 የሥራ ቀን ነው። ዋናው ደግሞ፣ የማኅበራዊ ዋስትናው ድረ ገጽ ላይ በ"ኒስ" ቁጥራችሁ አካውንት ክፈቱና ቀጣሪያችሁ በየወሩ በስማችሁ እያስመዘገበ መሆኑን ራሳችሁ እዩ። ፈቃድ ስታሳድሱ የሚታየው እሱ ነው። ካላስመዘገበ ቶሎ ጠይቁ፣ እንቢ ካለ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው "አ ሴ ቴ" አለ።

ምግቡ አያስቸግርም። ሽምብራና ምስር በየሱቁ አለ፣ ለቅመማ ቅመም ማርቲም ሞኒሽ አካባቢ ያሉት የእስያና የአፍሪካ ሱቆች ይሻላሉ። ለጾመኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፦ "ሴን ካርን፣ ሴን ሌይት፣ ሴን ኦቩሽ፣ ሴን ማንቴይጋ"፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ። ቤት ስትከራዩ ግን ግድግዳውን ዳብሱት፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባም እዩ። ብዙ ቤት ማሞቂያ የለውም፣ ክረምቱ ከውጭ ይልቅ ቤት ውስጥ ይበርዳል፣ ሻጋታም አለ።

ጆሯችሁ ትንሽ ሲከፈት ትምህርት ቤት ግቡ። መንግሥት ለስደተኞች የሚሰጠው ነፃ የፖርቱጋልኛ ትምህርት አለ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶችና በሥራና ሙያ ማሠልጠኛው "ኢ ኤ ፌ ፔ" ማዕከላት ይሰጣል። "ሊንጓ ድ አኮልይሜንቱ" ብላችሁ ጠይቁ። የ"አ ዶይሽ" (A2፣ መሠረታዊ) ደረጃ ሰርተፍኬቱ ለቋሚ መኖሪያም ለዜግነትም ለቋንቋ ማስረጃነት ያገለግላል። ክፍሉን ሳትማሩ በፈተና ብቻ ማግኘት ለምትፈልጉ የሊዝበን ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው "ሲፕል" አለ፣ እሱ ግን በክፍያ ነው። የማታ ክፍሎች ቶሎ ይሞላሉ፣ ስለዚህ ሥራ ስትይዙ የማታ ፈረቃ ከመፈረማችሁ በፊት ተመዝገቡና የትምህርቱን ሰዓት ለአለቃችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁ፣ በጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።