«ዌርዎልፍ» ውስጥ የተደበቀው ማን ነው?

ጨረቃ ስትሞላ ተኩላ የሚሆነውን ሰውዬ በፊልምም በጌምም ታውቁታላችሁ። እንግሊዝኛው «ዌርዎልፍ» ይለዋል። እስቲ ይህን ቃል አብረን እንፍታው፤ አካሄዱ ለሌላ ጥምር ቃልም ይሆናችኋል።

መጀመሪያ ለሁለት ክፈሉት። «ዎልፍ» ተኩላ ነው፣ እሱ አለቀ። ጣጣው «ዌር» ላይ ነው። አጻጻፉ «ነበሩ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ጋር አንድ ነው፤ እኔ ልጅ እያለሁ «ተኩላ ነበሩ» ማለት መስሎኝ፣ ለአውሬ አንቱታ ምን አመጣው ብዬ ነበር። ፊደል ስለገጠመ ብቻ ዝምድና አትቁጠሩ።

ከዚያ ቃሉ ድሮ የት እንደተጻፈ ፈልጉ። ትልልቆቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይህን ከነዘመኑ ያስቀምጣሉ። የኛው ተኩላ ብቅ የሚለው ንጉሥ ክኑት እንግሊዝን ሲገዛ፣ በፈረንጆቹ ከ1016 እስከ 1035 ባለው ጊዜ፣ በወጣ ሕግ ውስጥ ነው። እዚያ ጨረቃ የለ፣ ፀጉር የለ። ጳጳሳት እንደ እረኛ መንጋቸውን ካበደው «ወረዉልፍ» ይጠብቁ ይላል፤ ሰይጣንን ማለቱ ነው። ሕጉን ያረቀቀው የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ዉልፍስታን ነበር። የሱም ስም ውስጥ ተኩላ አለ፣ ይገርማል።

አሁን የጠፋውን ክፍል ዘመዶች አሳድዱ። እኔ የምወደው ይሄንን ነው። «ዌር» የጥንቱ እንግሊዝኛ «ወር» ነው፣ ወንድ ማለት። ዛሬ በእንግሊዝኛ ወንድ የሚባልበት «ማን» ያኔ ሴቱንም ወንዱንም የሚጠራ ቃል ነበር፤ ቀስ በቀስ ወደ ወንድ ሲጠብ «ወር»ን ገፍትሮ አስወጣው። ርዝራዡ ግን ቀርቷል። ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለው የደም ካሳ «ወርጊልድ» ይባል ነበር፣ የሰው ዋጋ እንደማለት። እና «ወርልድ»! ዓለም ለማለት በየቀኑ የምንሰማው ቃል «ወር» እና «ዕድሜ» ተጣብቀው የወጣ ነው፣ የሰው ዘመን። እኛስ «ለዓለም» ስንል ጊዜን ማለታችን አይደል?

በመጨረሻ፣ ትርጉሙ ሲረሳ ቃሉ ምን እንደሆነ እዩ። «ዌር» ሰው መሆኑ ስለተዘነጋ «የሚለወጥ» ማለት መሰለ፤ ዌርቤር መጣ፣ ዌርታይገር መጣ፣ ቡዳ ጅብ ይሆናል የሚለውን የኛን እምነት የሚጽፉ ፈረንጆችም «ዌርሃይና» ይሉታል። ስህተት ነው ብለው የሚነጫነጩ አሉ። እኔ ግን ሰው ጅብ ከሆነ በጥንቱም ትርጉም ያስኬዳል ባይ ነኝ።

ቀጥላችሁ «ናይትሜር»ን፣ ቅዠት የሚሉበትን ቃል፣ ሞክሩ። «ሜር» ባዝራዋ ፈረስ አይደለችም። ፍንጭ፦ ዱካክ።