የስልክ መተግበሪያን ወደ ቀድሞው ሥሪት የመመለስ ዘዴ

መተግበሪያ ታድሶ የአንድሮይድ ስልኩ የተንቀራፈፈበት የጅማ ነዋሪ ሄርማታ መርካቶ ወደሚገኝ የጥገና ሱቅ ከመሄዱ በፊት፣ የቀድሞውን ሥሪት በራሱ መመለስ ይችላል።

በቅድሚያ መረጃዎን ያስቀምጡ። አንድሮይድ ዝቅተኛ የሥሪት ቁጥር ያለውን ፋይል በከፍተኛው ላይ ደርቦ መጫን ስለማይፈቅድ አዲሱን ማጥፋት ግድ ይሆናል፤ ሲጠፋም በውስጡ የተቀመጠው መረጃ አብሮ ይጠፋል። በተለይ የቡና ዋጋና የደንበኛ ስምምነት በመልእክት የሚለዋወጡ ነጋዴዎች ይህን እርምጃ እንዳይዘሉ አጥብቄ እለምናለሁ፤ አዲሱ ሥሪት ያዘጋጀውን መጠባበቂያ ቅጂ አሮጌው ላያነበው ስለሚችል፣ አስፈላጊ ፎቶዎችንና ሰነዶችን ለብቻ መገልበጥ ይገባል።

ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣ መተግበሪያ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ በቅንብሮች ውስጥ መተግበሪያውን ከፍተው «ዝማኔዎችን አራግፍ» የሚለውን ሲጫኑ ፋብሪካው ወደጫነው ሥሪት ይመለሳል።

ለሌሎቹ ግን የኤፒኬ ፋይል፣ ማለትም መተግበሪያው በአንድሮይድ ላይ የሚጫንበት ፋይል፣ ያስፈልጋል። የአዘጋጁን ዲጂታል ፊርማ አመሳክሮ ፋይል የሚያቀርበውን ኤፒኬሚረር የተባለ ድረ ገጽ እመርጣለሁ፤ ምንጩ ያልታወቀ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ፋይል ተንኮል አዘል ፕሮግራም ሊይዝ ይችላል። የባንክ መተግበሪያን በዚህ መንገድ መመለስ ፈጽሞ አይገባም፤ ዝማኔው የደኅንነት ክፍተት የደፈነ ሊሆን ይችላልና።

ፋይሉን ለመጫን ለአሳሽዎ ወይም ለፋይል አቀናባሪዎ ፈቃድ ይስጡ፤ ሲጨርሱ ፈቃዱን መልሰው ይንሱ። ከዚያም በፕሌይ ስቶር የመተግበሪያው ገጽ ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክተው የራስ-ሰር ዝማኔውን ያጥፉ፤ አለበለዚያ ስልኩ ዋይፋይ ሲያገኝ አዲሱን መልሶ ሊጭነው ይችላል።